የስቴት ሕገ መንግሥት ይለወጥ ሲባል፦ በየትኛው በር?

ባለፈው ምርጫ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት እናት ጠሩኝ። የድምፅ መስጫ ወረቀታቸው በፖስታ መጥቶላቸዋል። የፊቱን ገጽ ጨርሰዋል። ፕሬዚዳንቱንም ሴናተሩንም መርጠዋል። ወረቀቱን ገለበጡና «ልጄ፣ ይኼ የጀርባው ምንድን ነው? የሰው ስም የለበትም። ልጆቼ ይተዉት ብለውኛል» አሉኝ። አነበብኩላቸው። የስቴታቸውን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል የቀረበ ጥያቄ ነበር።

ብዙዎቻችን ያንን ገጽ እንተወዋለን። ሚኒሶታ የምትኖሩ ግን ይኼን ስሙኝ። እዚያ ማሻሻያ የሚጸድቀው ለምርጫው ከወጣው ሰው ሁሉ ከግማሽ በላዩ «አዎ» ካለ ነው። ጥያቄውን ባዶ የተወ ሰው «አይሆንም» ካለው ጋር ይቆጠራል። ቨርጂኒያ ውስጥ ባዶው አይቆጠርም። ፍሎሪዳ ውስጥ ግማሽ ማለፍ አይበቃም፣ 60 በመቶ ያስፈልጋል። ዴላዌር ውስጥ ደግሞ ከነጭራሹ ሕዝቡ አይጠየቅም።

ስለዚህ ሕገ መንግሥት ይለወጥ ሲባል የሚለወጠውን ነገር ብቻ ማየት አይበቃም። በየትኛው በር እንደገባ፣ ነገ ቢከፋ በየትኛው በር እንደሚወጣ አብሮ መታየት አለበት። እዚህ ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ አወዳድራለሁ፤ የቱ ለምን ጉዳይ እንደሚሻልም የመሰለኝን እናገራለሁ። የማተኩረው አሜሪካ ላይ ነው፣ ምክንያቱም 50 ስቴት 50 ዓይነት ሙከራ አድርገዋል። ሀገር ቤት ስለ ክልል ሕገ መንግሥት ለሚከራከሩም የሚሆን ነገር አለው። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ይኼን ያህል ለምን ይለዋወጣል?

የአሜሪካ ፌዴራል ሕገ መንግሥት ከ1787 ወዲህ የተሻሻለው 27 ጊዜ ነው። የቴክሳስ ከ1876 ወዲህ ከ500 ጊዜ በላይ ተሻሽሏል። አላባማ የ1901ዱን ሕገ መንግሥቷን ከ900 ጊዜ በላይ ነካክታ በ2022 እንደገና አደራጅታ አጸደቀችው። ሉዊዚያና እስካሁን 11 ሕገ መንግሥት ቀያይራለች። በአንጻሩ ማሳቹሴትስ የ1780ውን ይዛ አለች።

ዋናው ምክንያት የሥልጣን አከፋፈሉ ነው። ፌዴራል መንግሥቱ የተሰጠው ሥልጣን ተቆጥሮ ተጽፏል፤ ያልተቆጠረው የስቴቱ ነው። ትምህርት ቤት፣ የቤትና የመሬት ግብር፣ የከተማ አስተዳደር፣ አብዛኛው የወንጀል ሕግ፣ ጋብቻ፣ ምርጫው ራሱ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ይኼ ሁሉ ስቴቱ ጋ ነው። የስቴት ምክር ቤት ያልተከለከለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል። ታዲያ ሰዉ ምክር ቤቱን ማስቆም ሲፈልግ ክልከላውን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ይጽፈዋል። በ1830ዎቹ ስቴቶች ለቦይና ለባቡር ሐዲድ ብለው ከአቅማቸው በላይ ተበደሩ፤ ከፊሎቹም መክፈል አቃታቸው። ኒው ዮርክ በ1846 ሕገ መንግሥቷን ስትጽፍ ስቴቱ ያለ ሕዝብ ፈቃድ ከባድ ዕዳ ውስጥ እንዳይገባ አሰረችው። ሌሎችም እንዲሁ አደረጉ። ዛሬ የስቴት ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለ ቦንድና ስለ በጀት የምታነቡት አሰልቺ አንቀጽ ሁሉ ያንን ዓይነት ቁስል ያስታውሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ከላይ የሚመጣ ነው። በ1964 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስቴት ምክር ቤቶች ሁለቱም ክፍሎቻቸው በሕዝብ ቁጥር መሠረት እንዲከለሉ ወሰነ። ለገጠር ብዙ መቀመጫ፣ ለከተማ ጥቂት የሰጡ ስቴቶች ደንባቸውን ማስተካከል ግድ ሆነባቸው፣ ብዙዎቹም እግረ መንገዳቸውን ሌላውን ክፍል ጠገኑ። በ2022 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት የፅንስ ማቋረጥን ጉዳይ ለስቴቶች መለሰው። በወራት ውስጥ ካንሳስና ሚሺጋን፣ በ2023 ደግሞ ኦሃዮ ሕዝባቸውን ድምፅ አሰጡ። ፌዴራሉ አንድ በር ሲዘጋ ወይም ሲከፍት ስቴቶቹ እንዲህ ይንቀሳቀሳሉ።

ሦስተኛውን ምክንያት አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች የምትኖሩ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ቨርጂኒያ በ1902 አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣች። የወጣውም በይፋ ጥቁሮችን ከመራጭነት ለማስወጣት ነው፤ ለመምረጥ ግብር ክፈል፣ አንቀጽ አንብበህ ተርጉም የሚል ነበር። ጉባኤው የጻፈውን ለሕዝብ ድምፅ አላቀረበም። ራሱ አወጀው። ያ ሕገ መንግሥት እስከ 1971 ቆየ፣ የምርጫ ግብሩንም በ1966 የጣለው የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ሕገ መንግሥት ይቀየር ሲባል መለወጥ በራሱ መልካም የሚመስላቸው ወዳጆች አሉኝ። እኔ ቨርጂኒያን አስታውሳቸዋለሁ።

ጣሪያው የት ነው?

ወደ አማራጮቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። ስቴቱ በየትኛውም በር ቢለውጥ ከፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ጋር የሚጋጨው ቃል አይሠራም። ፌዴራሉ ከሰጠው መብት በላይ መጨመር ይቻላል፣ ከሱ በታች ማውረድ አይቻልም።

ግን የማይሠራ ቃል ከወረቀቱ ላይ በራሱ አይጠፋም። የጀርመኗ ሄሰን፣ የፍራንክፈርት ስቴት፣ በ1946 ሕገ መንግሥቷ ውስጥ የሞት ቅጣት ነበራት። በ1949 የፌዴራሉ መሠረታዊ ሕግ የሞት ቅጣትን ሻረ። የሄሰን አንቀጽ ግን ዝም ብሎ ተቀምጦ ሕዝቡ በድምፁ የሰረዘው በ2018 ነው። ቨርጂኒያም በ2006 ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ነው የሚል አንቀጽ አስገባች፤ በ2015 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥራ አስፈታው። በዚያው በ2006 ተመሳሳይ አንቀጽ ያስገባችው ኮሎራዶ በ2024 በሕዝብ ድምፅ ሰርዛዋለች።

«ከሞተ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚል ይኖራል። ሞቶ ላይሆን ይችላል፣ ተኝቶ ይሆናል። ሚሺጋን ውስጥ በ1931 የወጣ የፅንስ ማቋረጥ ክልከላ ለ50 ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ሥራ ያስፈታው የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀድሞ ውሳኔ በ2022 ሲነሳ ሊነቃ ደረሰ። ሕዝቡ በዚያው ዓመት ኅዳር ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ አስቆመው። በጉዳዩ ላይ ያላችሁ አቋም የትኛውም ቢሆን ትምህርቱ አንድ ነው፤ አሮጌ ቃል ወረቀቱ ላይ ካለ አለ።

ምክር ቤት አቅርቦ ሕዝብ የሚያጸድቀው

በጣም የተለመደው መንገድ ይኼ ነው። ከዴላዌር በቀር ሁሉም ስቴቶች ምክር ቤቱ ያቀረበውን ማሻሻያ ለሕዝብ ያቀርባሉ። ልዩነቱ ምክር ቤቱ ውስጥ ስንት ድምፅ ይጠየቃል፣ ስንት ጊዜስ የሚለው ነው።

ሜሪላንድ ከእያንዳንዱ ምክር ቤት ከአምስት ሦስቱን እጅ ትጠይቃለች። ቴክሳስ ከሦስት ሁለቱን። ሁለቱም አንዴ ካለፈ ወደ ሕዝብ ይሄዳል። ቴክሳስ ውስጥ ይኼ ነገር ልማድ ሆኗል። ድምፁ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ትልቅ ምርጫ በሌለበት በጎዶሎ ዓመት ነው፣ የሚወጣው ሰው ትንሽ ነው፣ የሚቀርበውም ይጸድቃል። በ2023 14 ጥያቄ ቀርቦ 13ቱ አለፉ። ዳላስ ያላችሁ፣ ያቺ ቀዝቃዛ የኅዳር ማክሰኞ ድምፃችሁ ከፕሬዚዳንት ምርጫው ቀን ይልቅ ሚዛን የምትደፋበት ቀን ናት።

እኔ የምወደው የቨርጂኒያን ነው። ምክር ቤቱ አንዴ ያሳልፋል። ከዚያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ መካሄድ አለበት። ከምርጫው በኋላ የመጣው አዲሱ ምክር ቤት ያንኑ ቃል ሳይለውጥ እንደገና ያሳልፋል። ያኔ ነው ሕዝቡ የሚጠየቀው። ይዘገያል፣ እውነት ነው። ግን መሐል ላይ ያለው ምርጫ ትልቅ ሥራ ይሠራል። የምርጫ ክልል ካርታ የሚያወጣ ኮሚሽን ይቋቋም የሚለው ማሻሻያ በ2019 አለፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር በተደረገው ምርጫ ምክር ቤቱ ከሪፐብሊካን ወደ ዴሞክራት እጅ ገባ። አሁን ሥልጣን የያዙት ብዙዎቹ ካርታውን ራሳችን እናውጣ ወደሚለው አዘነበሉ። ቢሆንም በ2020 ለጥቂት አለፈ፣ ሕዝቡም ወደ 66 በመቶ በሚሆን ድምፅ አጸደቀው። አንድ ሐሳብ ባለሥልጣኑ ከተቀየረ በኋላም ከቆመ የአንድ ወቅት ሙቀት አይደለም ብዬ አምናለሁ።

የዚህ መንገድ ድክመቱ ግልጽ ነው። ሰው በራሱ እጅ ራሱን አያስርም። ምክር ቤቱ የራሱን ሥልጣን የሚቀንስ፣ የዘመን ገደብ የሚያበጅለት፣ የምርጫ ካርታ ከእጁ የሚነጥቅ ማሻሻያ ማቅረብ አይቀናውም። የቨርጂኒያው ገጠመኝ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው።

ምክር ቤቱ ብቻውን፦ ዴላዌርና እኛ

ዴላዌር ሁለት ተከታታይ ምክር ቤቶች ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ካሳለፉት አለቀ። የኛም ክልሎች ለዚህ ይቀርባሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 5 የክልሉን ሕገ መንግሥት የማዘጋጀት፣ የማጽደቅና የማሻሻል ሥልጣን የሚሰጠው ለክልሉ ምክር ቤት ነው። ሕዝበ ውሳኔ ግዴታ አይደለም።

ይኼ መንገድ ፈጣን ነው፣ ጥቅምም አሳይቷል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሎቹ ሕገ መንግሥታቸውን ሲያሻሽሉ የምክር ቤቱን አፈ ጉባኤና የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር ለዩ። በፊት ሥራ አስፈጻሚውን የሚመራው ሰው ምክር ቤቱንም ይመራ ነበር። ጥሩ ለውጥ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ክልሎቹ ተመሳሳይ ለውጥ በተቀራረበ ጊዜ አደረጉ፤ ምክር ቤቶቹን ሁሉ የያዘው ያው አንድ የፖለቲካ ቤተሰብ ነበርና። ዴላዌር ውስጥ ሁለት ፓርቲ ስለሚፎካከር ከሦስት ሁለት የሚለው ቁጥር ይከብዳል። አንድ ፓርቲ መቀመጫውን ጠቅልሎ በያዘበት ምክር ቤት ግን ያው ቁጥር አይከብድም። ከሦስት ሁለት ይሁን ከአራት ሦስት፣ ሁሉም እጅ በአንድ ላይ ይወጣል።

ሕዝባችን ድምፅ መስጠት አያውቅም የሚል ካለ ሲዳማን ያስታውስ። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ሰዉ ወጥቶ ክልል ለመሆን ወሰነ። ያንን ከባድ ጥያቄ የመለሰ ሕዝብ፣ የክልሉን ሕገ መንግሥት ግን በድምፁ እንዲያጸድቅ አልተጠየቀም፤ ሕጉ ሥልጣኑን ለምክር ቤቱ ስለሰጠ። ለኔ አሁን ካሉት መንገዶች ለክልሎቻችን የሚስማማው ቨርጂኒያ ያለው ነው፦ ሁለት ተከታታይ ምክር ቤት፣ መሐሉ ላይ ምርጫ፣ መጨረሻው ላይ ሕዝብ።

ፊርማ ተሰብስቦ በሕዝብ የሚቀርበው

ዴንቨር ወይም ላስ ቬጋስ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ሱቅ በር ላይ ሰሌዳ የያዘ ልጅ ይቆማል። «ቤት ኪራይ እንዲቀንስ ትፈልጋለህ?» ይላችኋል። ማን አይፈልግም? ትፈርማላችሁ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ተከፍሏቸው ነው የሚሠሩት፤ የሚነግሯችሁም አርዕስቱን እንጂ ሙሉውን ቃል አይደለም። እኔም አንዴ እንዲሁ ፈርሜ፣ ቤት ገብቼ ሙሉውን ሳነብ ደነገጥኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ የሚባለው ደረሰብኝ።

መንገዱ ግን መልካም ሐሳብ ይዞ ነው የተወለደው። ኦሪገን በ1902 ነው ያስገባችው፤ ካሊፎርኒያ በ1911 ተከተለች። ምክር ቤቶቹ በባቡር ኩባንያዎችና በባለ ገንዘቦች እጅ ገብተዋል ተብሎ ሕዝቡ ምክር ቤቱን አልፎ እንዲሄድ ነው። ዛሬም ምክር ቤቱ በራሱ ላይ የማያደርገውን ለማድረግ ከዚህ የተሻለ በር የለም። ሕገ መንግሥትን በዚህ መንገድ ማሻሻል የሚቻለው ግን ከስቴቶቹ ግማሽ በማይሞሉት ነው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ዋሽንግተን ስቴት የላቸውም። ሚሲሲፒ በወረቀት ላይ አላት፣ በተግባር የላትም። ደንቡ ፊርማው ከአምስት የኮንግረስ ምርጫ ክልሎች ይምጣ ይላል፣ ስቴቱ ከ2000 ሕዝብ ቆጠራ በኋላ አራት ብቻ ቀረው። በ2021 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይኼንን ይዞ ሕዝቡ ያጸደቀውን የሕክምና ማሪዋና ማሻሻያ ከነመንገዱ ሻረው።

ዋናው ችግር መውጫው ነው። የካሊፎርኒያን የ1978 ፕሮፖዚሽን 13 እንውሰድ። የቤት ግብር ከቤቱ ዋጋ 1 በመቶ አይበልጥም፣ ለግብር የሚያዘውም ዋጋ ቤቱ እስካልተሸጠ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም አለ። ጡረተኞች ከቤታቸው እንዳይፈናቀሉ ረዳ። ነገር ግን ዛሬ ሎስ አንጀለስ ቤት የምትገዛ ወጣት ቤተሰብ፣ አጠገቧ ተመሳሳይ ቤት ውስጥ 40 ዓመት ከኖረው ጎረቤት ብዙ እጥፍ ግብር ትከፍላለች። የንግድ ሕንጻዎችን ከዚህ ጥበቃ ለማውጣት በ2020 ሙከራ ተደረገ፣ ሕዝቡ አልተቀበለውም። አንዴ የገባ ነገር ተጠቃሚ ያፈራል፣ ተጠቃሚው በሩን ይዘጋል።

ኮሎራዶም በ1992 ታቦር የሚባለውን አስገባች። ያለ ሕዝብ ድምፅ ግብር አይጨመርም፤ የስቴቱ ገቢ ከዋጋ ንረትና ከሕዝብ ቁጥር ዕድገት በላይ ከሄደ ትርፉ ለሰዉ ይመለሳል። አውሮራ ያላችሁ በ2022 ለአንድ ሰው የተላከውን የ750 ዶላር ቼክ ታስታውሳላችሁ፤ ከዚሁ የመጣ ነው። በ2000 ደግሞ ያው ሕዝብ ለትምህርት ቤት የሚወጣው ገንዘብ በየዓመቱ ይጨመር የሚል ሌላ ማሻሻያ አጸደቀ። አንዱ አንቀጽ ቦርሳውን ይዘጋል፣ ሌላው አውጣ ይላል። ሁለቱም ሕገ መንግሥት ስለሆኑ ምክር ቤቱ አንዱንም መንካት አይችልም። ድምፅ የሰጠው ሰው አላጠፋም፣ የቀረበለትን ለየብቻ ነው ያየው።

ስቴቶች ይኼንን በር ለማጥበብ የተለያየ መቀርቀሪያ ሞክረዋል። እዚህ ጋ ሦስት ቁጥሮችን ላሳያችሁ። በ2006 ፍሎሪዳ ከእንግዲህ ማሻሻያ የሚያልፈው በ60 በመቶ ነው የሚል ማሻሻያ ለሕዝብ አቀረበች። ጸደቀ። ያገኘው ግን 58 በመቶ ገደማ ነው፤ ራሱ ባወጣው ደንብ ቢመዘን ይወድቅ ነበር። በነሐሴ 2023 ኦሃዮ ተመሳሳይ የ60 በመቶ ደንብ ልታስገባ ሞክራ ሕዝቡ ጣለው። በኅዳር የፅንስ ማቋረጥ መብት ማሻሻያ ወደ 57 በመቶ አግኝቶ ሕገ መንግሥት ሆነ። በ2024 ፍሎሪዳ ውስጥ በዚያው ጉዳይ የቀረበ ማሻሻያ 57 በመቶ አገኘና ወደቀ። ተመሳሳይ ጥያቄ፣ ተመሳሳይ ድምፅ፣ ሁለት ተቃራኒ ውጤት። ስለዚህ «መስፈርቱ ከፍ ይበል» የሚል ጥያቄ ሲቀርብላችሁ አሰልቺ የአሠራር ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት። ከሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

መቀርቀሪያ ካስፈለገ ኔቫዳ ያላትን እመርጣለሁ። እዚያ በፊርማ የመጣ ማሻሻያ በሁለት ተከታታይ ጠቅላላ ምርጫዎች፣ ሁለት ጊዜ መጽደቅ አለበት። አንድን ሐሳብ ለመጣል ጥቂቶች ብዙሃኑን አይበልጡም፤ ብዙሃኑ ግን ሁለት ዓመት እንዲያስብ ይደረጋል። በ2022 የምርጫ ሥርዓቱን የሚለውጥ፣ እጩዎችን በደረጃ መምረጥ የሚያስችል ማሻሻያ አለፈ። በ2024 ተመልሶ ሲመጣ ሕዝቡ ሐሳቡን ቀይሮ ጣለው። ትክክል ነበር አልነበረም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰዉ ግን ሁለቴ አይቶ ወሰነ። የኮሎራዶም አንዱ ነገር ደስ ይለኛል። ከ2016 ጀምሮ አዲስ ነገር ለማስገባት 55 በመቶ ያስፈልጋል፣ ፊርማውም ከ35ቱም የሴኔት ምርጫ ክልሎች መምጣት አለበት። ያለውን ለመሰረዝ ብቻ ከሆነ ግን ከግማሽ በላይ ይበቃል።

ጉባኤ መጥራት

ጉባኤ ማለት ሕዝቡ ተወካዮች መርጦ ሙሉውን ሰነድ እንዲያዩት፣ ካስፈለገም አዲስ እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ያማረ ምሳሌው ሞንታና ናት። በ1972 100 ተወካዮች ተሰበሰቡ። በሥራ ላይ ያሉ የምክር ቤት አባላት መወዳደር አልቻሉም፤ ስለዚህ የመጡት ገበሬዎች፣ አስተማሪዎች፣ የቤት እመቤቶች፣ ጠበቆች ነበሩ። የተቀመጡትም በፓርቲ ተለይተው ሳይሆን በስማቸው ፊደል ተራ ነው። የጻፉት ሕገ መንግሥት በ2,532 ድምፅ ልዩነት ብቻ ጸደቀ። ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው የሚል አንቀጽ አስገቡ። ያ አንቀጽ 50 ዓመት ከቆየ በኋላ 16 ልጆችና ወጣቶች ስቴቱን ስለ አየር ንብረት ከሰው በ2023 ረቱበት፤ በ2024 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናላቸው። የፊደል ተራ ቀላል ነገር ይመስላል፣ እኔ ግን ይኼንን ታሪክ ሳነብ ልቤ ይነካል። ሰው ከወገኑ ተለይቶ ከማያውቀው ሰው አጠገብ ሲቀመጥ የሚጽፈው ይለያል።

ዛሬ ግን ሰዉ ጉባኤ ይፈራል። አንዴ ከተከፈተ ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ኒው ዮርክ በየ20 ዓመቱ «ጉባኤ ይጠራ?» ብላ ሕዝቧን ትጠይቃለች። በ2017 ከ80 በመቶ በላይ አይሆንም አለ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታችን ይነካል ብለው ፈሩ፣ የደን ተቆርቋሪዎች ደናችን ብለው ፈሩ። አላስካና ሚዙሪም በ2022 እንዲሁ እምቢ አሉ። ሚሺጋን በየ16 ዓመቱ ትጠይቃለች፣ 2026 ተራዋ ነው። እኔ የምመክረው፣ መጀመሪያ ተወካዮቹ እንዴት እንደሚመረጡ ጠይቁ። በሥራ ላይ ያሉ ፖለቲከኞች ሁለት ደሞዝ ይዘው የሚገቡበት ከሆነ የሞንታናው ዓይነት አይሆንም።

ኮሚሽን

ይኼ የፍሎሪዳ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በየ20 ዓመቱ 37 ሰዎች ያሉት ኮሚሽን ይቋቋማል፣ የወሰነውንም በቀጥታ ለሕዝብ ያቀርባል። አባላቱን የሚሾሙት ገዥው፣ የሁለቱ ምክር ቤቶች መሪዎችና የፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ናቸው። በ1978 ያቀረባቸው ሁሉ ወደቁ። በ2018 ለሕዝብ የቀረቡት 7ቱም አለፉ። አንዱ በባሕር ላይ ነዳጅ መቆፈርንና በሥራ ቦታ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማጨስን በአንድ ጥያቄ የሚከለክል ነበር። አንዱን ወዶ ሌላውን የጠላ መራጭ ምን ያድርግ? ኮሚሽን አሮጌ ቃል ለማጽዳት፣ የሚጋጩ አንቀጾችን ለማስታረቅ ጥሩ ነው። በተለየ በአንድ ጥያቄ አንድ ጉዳይ የሚል ደንብ ካልታሰረበት ግን አልወደውም።

ታዲያ የቱን ለምን?

መጀመሪያ ጉዳዩ ሕገ መንግሥት ውስጥ መግባት አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ለብዙዎቻችን ቅርብ የሆነውን ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ እንውሰድ። ሜሪላንድ በተራ ሕግ ከጥር 2024 ጀምሮ 15 ዶላር አደረገችው። ኔቫዳ በ2022 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ 12 ዶላር አስገባች። ፍሎሪዳ በ2020 በፊርማ በመጣ ማሻሻያ እስከ መስከረም 2026 15 ዶላር እንዲደርስ ወሰነች፣ ከ60 በመቶ ትንሽ አልፎ። ምክር ቤቱ የሚሰማችሁ ከሆነ የሜሪላንዱ ይቀላል፤ ኑሮ ሲወደድ ቶሎ ይስተካከላል። ሕገ መንግሥት ውስጥ መክተት ያኔ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ምክር ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ግን የፍሎሪዳ ሰው ሌላ በር አልነበረውም። እዚያ ሕዝቡ በፊርማ ተራ ሕግ ማውጣት አይችልም፣ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ብቻ ነው የሚችለው። በ2002 እርጉዝ አሳማ በጠባብ በረት አይታሰር የሚል ነገር የፍሎሪዳ ሕገ መንግሥት ውስጥ የገባው ለዚህ ነው። አሳማዎቹ ጥበቃ አይገባቸውም አልልም። ቦታቸው ግን ተራ ሕግ ነበር።

የመብት ጉዳይ ከሆነ ዘገምተኛውን፣ ሁለቴ የሚያሳስበውን እመርጣለሁ፤ ቨርጂኒያ ወይም ኔቫዳ ያለውን። ፖለቲከኛው በራሱ ጉዳይ ዳኛ የሚሆንበት ከሆነ፣ ማለትም የምርጫ ካርታ፣ የዘመን ገደብ፣ የደሞዝ ነገር፣ ፊርማ ካለ በፊርማ። ቁጥርና ዶላር ያለበት የግብር ቀመር ከሆነ በየትኛውም በር ሲመጣ እጄን እሰበስባለሁ፣ የካሊፎርኒያና የኮሎራዶ ነገር አስተምሮኛል። መሠረቱ ራሱ ተበላሽቷል ስትሉ ጉባኤ።

ዲሲ የምትኖሩ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናችሁ። ስቴት ስላልሆነች የስቴት ሕገ መንግሥት የላትም። በ2016 ስቴት ብንሆን ይኼ ይሁንልን ብለው አንድ ረቂቅ በከፍተኛ ድምፅ አጽድቀዋል፣ ቁልፉ ግን ኮንግረስ ጋ ነው።

ከዲሲ ወጣ ብላችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ቀን አስይዣችኋለሁ። ሜሪላንድ በየ20 ዓመቱ ስለ ጉባኤ ትጠይቃለች። በ2010 ጥያቄውን ከመለሱት 54 በመቶ ያህሉ ይጠራ አሉ። አልተጠራም። ደንቡ ለምርጫው ከወጣው ሰው ሁሉ ግማሽ በላይ ይላል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ያንን ገጽ ባዶ ትቶት ነበር። ቀጣዩ ኅዳር 2030 ነው። እኚያ እናትም አድራሻቸው እዚያው ነው፤ ስልካቸው ላይ አስቀምጬላቸዋለሁ።